ባለቃል

የ2066 ክረምት በግንቦት አጋማሽ ገባ። ሰኔን ሙሉ ዘነበ። ሐምሌ ላይ ከወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ተንደው ወረዱ። የእኔ ቤት አልተናደም። ግድግዳው ግን እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጠበ፣ ፍራሼም ሻገተ። በመንደራችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ሽማግሌ ሞተ። በጎርፍ የሞተ የለም፤ ሁሉም የሞቱት በሳል ነው። እድራችን ከተዘጋ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ስለነበር ድንኳን አልተተከለም። አስከሬን የሚያነሳው መኪና ጠዋት ጠዋት እየመጣ በር ያንኳኳል። የሚከፍትለት ሰው ካለ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል።

ከሐምሌ አሥር በኋላ ከተማው የምሽት ክለቦቹን ቀን ቀን ለሽማግሌ ከፈተ። ግድግዳቸው የሚሞቅ ቤቶች እነሱ ብቻ ነበሩ። ማታ ወጣቶች ሲጨፍሩበት ክለብ ይባላል፣ ቀን እኛ ስንቀመጥበት ክበብ። ለእኔ የደረሰኝ ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር ያለው ነው። ያኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነበር። በወጣትነቴ እዚያው ሰፈር የአዝማሪ ቤት በረኛ ስለነበርኩ መንገድ የሚመራኝ ሰው አላስፈለገኝም።

በሩ ላይ ጉትቻ ይሰጣል። ጆሮ ላይ አይንጠለጠልም፣ ጆሮ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሰው ግን ጉትቻ ብሎታል። ወንዱም ሴቱም ያደርጋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ማውለቅ አይፈቀድም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዘፋኝ አለው፤ ሰው አይደለም፣ ጉትቻው ራሱ ነው የሚዘፍነው። የእኔዋ የወጣት ሴት ድምፅ አላት። «መንበሩ ካሳዬ፣ የደጁ ጋሻ» እያለች ታሞግሰኛለች። የት እንደተወለድኩ፣ የት የት እንደሠራሁ ሁሉ ታውቃለች። የሠራሁትን ክፉ ሥራ አታውቅም፤ ወይ ታውቅና ትዘለዋለች። በመጀመሪያው ቀን አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ሰለቸችኝ። በአሥረኛው ቀን ስሜን ሳትጠራ ትንሽ ከቆየች ቅር ይለኝ ጀመር።

አዳራሹ ውስጥ መቶ አርባ ሽማግሌ ይቀመጣል። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱ ትከሻውን ይሰብቃል፣ አንዷ ታጨበጭባለች። ማንም ከማንም ጋር አይገጥምም። ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። ጥፋቱ «ጆሮ መድፈር» ይባላል፤ ሰው ሳይጠራው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ከገባበት ተደፍሯል። ማውራት ያማረው መተላለፊያው ላይ፣ ካፖርት የሚሰቀልበት ጋ ሄዶ ያወራል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ተደራራቢ አልጋ እንወጣለን። ከታች ሦስት መቶ ወጣት ይጨፍራል፤ ወደ እኛ የሚደርሰው የእግር ኮቴ ብቻ ነው። ኮቴውም ስልት የለውም፣ እያንዳንዱ የሚጨፍረው ለራሱ ነው።

ካፖርት መስቀያው ጋ ቤዛ ከምትባል ጡረታ ከወጣች ፀጉር ሠሪ ጋር ተዋወቅኩ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ፀጉሯን ቀይ ትቀባለች።

«እኔ በወጣትነቴ ከክለብ ስወጣ ጆሮዬ ሁለት ቀን ይጮህ ነበር» አለችኝ። «አሁን ሁለት ሳምንት ሙሉ ክለብ ውዬ እያደርኩ፣ ጆሮዬ እንደ መቃብር።»

«ያንቺው ምን ይልሻል?»

«ቆንጆ ነሽ ይለኛል።»

«ውሸታም ነዋ።»

«ተወው ባክህ ጋሽ መንበሩ። ባሌ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ ዋሽቶልኝ አያውቅም።»

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ረጅም ሽማግሌ ገባ። ሳሉ ከሱ ቀድሞ ነው በሩን ያለፈው። ግራ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም፣ ጉትቻውን በቀኝ እጁ ተቀበለ። አስረስ ነበር። አርባ አራት ዓመት አላየሁትም። አልጋው ከእኔ አልጋ ሥር ሆነ።

በ2022 አስረስ «ጠጅ ሳር» በሚባል የአዝማሪ ቤት ይዘፍን ነበር፤ በረኛው እኔ ነኝ። ያኔ የአዝማሪ ቤት ወግ እንዲህ ነው። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ሁለት ስንኝ ይናገራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል። ሙገሳም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን ይዘፍነዋል። ግጥሙን የሰጠውን ሰው ግን አይጠራም። ግጥሙ ጠብ ካመጣ ሰጪው ራሱ ተነስቶ «የኔ ነው» ይላል። ይህ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ከደንበኞቹ አንዱ ሥራ ተቋራጭ ነበር። የእናቴን ግቢ ያፈረሰው እሱ ነው። እናቴ መሠረት ትባላለች። ግቢው በፈረሰ በወሩ ሞተች። እሱ ቦታው ላይ አሥራ አራት ፎቅ ሠራ። ማታ ማታ ሲመጣ የመኪናውን በር የምከፍትለት እኔ ነበርኩ። ጉርሻ ይሰጠኛል፣ እቀበለዋለሁ።

ፎቁ ያለቀ ዕለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። አስረስ አየር ሊወስድ ወደ በሩ ሲወጣ ጆሮው ጋ አጎንብሼ «ተቀበል» አልኩት።

እንዴት ያለ ፎቅ ነው እንዲህ የረዘመ፣
መሠረትን ቀብሮ በላይዋ የቆመ።

አስረስ ፈገግ አለ። «በላይዋ» የምትለው ቃል ሴት እንደያዘች ገብቶታል። የትኛዋ ሴት እንደሆነች አልጠየቀኝም። ገብቶ ዘፈነው። ተቋራጩ ደስ ብሎት ብርጭቆውን አነሳ። አስረስ ሲደግመው ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ወደ ጆሮው ጠጋ አለና አንድ ነገር ነገረው። ብርጭቆው ወረደ።

«ማነው የሰጠህ?»

«አዝማሪ ሰጪውን አይጠራም ጌታዬ።»

ወደ ግቢው አወጡት። ግራ እጁን መኪናው ላይ ዘርግተው ይዘው በሩን ዘጉበት። እኔ የምከፍተው በር ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቁት፣ ሦስት ጊዜ ዘጉት። አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ማለት የነበረብኝ «የኔ ነው» ብቻ ነው። አላልኩም። በማግስቱም ሥራ ገባሁ።

ክበቡ ውስጥ በገባ በሦስተኛው ቀን መተላለፊያው ላይ ጠበቅኩት።

«አስረስ» አልኩት።

«አቤት በረኛው።» ሲገባ ነው ያወቀኝ።

«ያን ቀን…»

«የቱን ቀን?»

«ታውቀዋለህ።»

«እኔ ቀን አልቆጥርም። ጣት ነው የምቆጥር።» ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሁለቱ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ። ሦስቱ ወደ ውስጥ ታጥፈው ደርቀዋል።

«ይቅርታ ልልህ ነበር።»

«ይቅርታህ ማሲንቆ ይይዝልኛል?» ሳል ያዘውና እስኪያልፍ ግድግዳውን ተደገፈ። «ብድር አለብህ። ብድር ያለበት ሰው ይከፍላል እንጂ ይቅርታ አይልም። ዞር በልልኝ፣ ሙቀቱን ከለልከኝ።»

ዞር አልኩለት።

ነሐሴ ሦስት ቀን ዮናስ ሞተ። ዮናስ ድሮ ቦሌ ክለቦች ውስጥ ዲጄ የነበረ፣ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው ነው። የሞተው አዳራሹ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ነው። መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ወንበሩም እንደ ግድግዳው ስለሚሞቅ ሰውነቱ አልቀዘቀዘም፤ ጉትቻውም ሙቀቱን እየለካ ደህና ነው ይል ነበር። ምሳ ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አነሱት። አሥር ሰዓት ላይ ቤዛ ትከሻውን ነካችው። ከዚያ ጉትቻውን ከጆሮው አውጥታ ወደ ራሷ ጆሮ አስጠጋችው።

«አሁንም እያሞገሰው ነው» አለች።

ማታ የክበቡ አስተባባሪ ሶልያና መጣች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ትሁት ልጅ ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ጋሽ ዮናስ ሌሊት አልጋቸው ላይ በሰላም እንዳረፉ ነገረችን። አዳራሽ ውስጥ ሰው ሞተ ከተባለ ክበቡ እስኪጣራ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ደግሞ መቶ አርባችንም ወደየቤታችን እንመለሳለን። ይህን አልነገረችንም። መናገርም አላስፈለጋትም፤ ማናችንም ወደ እርጥብ ግድግዳ መመለስ አንፈልግም ነበር። ወደየአልጋችን ገባን።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አስረስ እንቅልፍ አጣ። ከሥሬ የአልጋውን ብረት በሁለቱ ጣቶቹ ሲመታ እሰማዋለሁ። ስድስት ይመታል፣ ያርፋል። ደግሞ ስድስት ይመታል። ከንፈሩ ውስጥ የሚያጉረመርመውም ይሰማኛል። በአራተኛው ሌሊት ሁለት ስንኝ ሆነለት። የመጨረሻዋ ግን አምስት ላይ ትቆምበታለች፣ አንድ ትጎድላለች። «ሰውማ በረደ» ይላል፣ ይመታል፣ «ኤጭ» ይላል። ሊነጋ ሲል አገኛት። ለብቻው ሲስቅ ሰማሁት፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

በበነጋታው የክበቡ ሐኪም መጣ። አስረስን አይቶ ሲወጣ ለሶልያና የነገራትን ሰማሁ። አንዱ ሳንባ አይሠራም፣ ብርድና እርጥበት ካገኛቸው መስከረምን አያዩም፣ አላት። እሷም ከማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠችው።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን እንግዶች መጡ። ከሌላ ከተማ ነው፣ እንዲህ ያለ ክበብ ሊከፍቱ ፈልገው ሊያዩ ነው። አምስት ናቸው። ሶልያና ከፊት ከፊት እየሄደች በዝቅታ ታስረዳቸዋለች። እኔ ጉትቻዬን አላልቼው ነበር፣ የምትለው ይሰማኛል።

«ሥራ ከጀመርን ወዲህ በዚህ አዳራሽ አንድም ሰው አላለፈብንም» አለች። «ቤቱ ሁልጊዜ እንደሞቀ ነው።»

አስረስ ጉትቻውን አወለቀ። ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ። ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ተሰንጥቋል፣ ግን ከደረቱ ነው የወጣው።

ሞቀ ቤቱ ሞቀ ብሎ ማን ፈረደ፣
ግድግዳው ነው እንጂ ሰው ሁሉ በረደ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከጉትቻ ውጭ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ቤዛ ጉትቻዋን አወጣች፤ ቀጥሎ ከኋላዋ ያሉት።

«ድገመው!» ብላ ጮኸች።

ደገመው። አጨበጨቡለት። ሃያም ሠላሳም ሰው ነበር፣ ጭብጨባው ግን አንድ ሆኖ ነው የወጣው። እንግዶቹም የተዘጋጀላቸው ትርኢት መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ። አንዷ ብቻ ወደ ሶልያና ዞራ፣ «በረደ የሚሉት ማንን ነው?» ብላ ጠየቀች። ቤዛ ከተቀመጠችበት፣ «ዮናስን ነው! እዚያ ወንበር ላይ!» አለች። ሴትዮዋ ወንበሩን አየች። እንግዶቹ ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

ሶልያና ተመልሳ መሀል አዳራሹ ላይ ቆመች። እንደ ልማዷ ድምፅዋን አላነሳችም። ሁላችንንም ጉትቻ አስወለቀችን።

«ዛሬ ሰው በድምፁ አይጠየቅም፣ ታውቃላችሁ» አለች። «ማንም በማንም ድምፅ ያዘፍናል። ሕጉ የሚጠይቀው ባለቃሉን ነው፣ ነገሩን ያሰበውን ሰው። ለእንግዶቹ አንድ ተንኮለኛ የፈጠረው ወሬ ነው ብያለሁ። የዚያን ሰው ስም ለከተማው አሳውቄ ዛሬ ካላስወጣሁት ክበቡ ይዘጋል። ጋሽ አስረስ፣ ግጥሙን ማን ሰጠዎት?»

«አዝማሪ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ማን ሰጠዎት?»

«አዝማሪ ሰጪውን አይጠራም፣ ልጄ።»

«ሰጪ ከሌለ እኮ የርስዎ ነው ማለት ነው። የርስዎ ከሆነ ደግሞ ከምሳ በፊት ይወጣሉ። ሌላ ክበብም አይቀበልዎትም። አባቴ፣ እባክዎ አያስጨክኑኝ። እኔም የሚጠይቀኝ አለ።»

አስረስ ቀና አለ። ፊቱን አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግጥም ሲዘፍን የኖረ ሰው ነው። ይህኛው የራሱ ነው። ሰው አጨብጭቦለታል። «የኔ ነው» ሊላት አፉን ሲከፍት ታየኝ። ኩራቱ ሊገድለው ነው።

ተነሳሁ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«ቁጭ በል አንተ በረኛ!» አለ አስረስ።

ሶልያና ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ መንበሩ፣ እርስዎ ግጥም ይችላሉ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቤዛ፣ «እሱ? ደብዳቤ እንኳ አይጽፍም» አለች ሳታስበው።

«ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ» አልኩ። «ለሁለት ስንኝ ይበቃል።»

«ሰው ለማዳን ብለው ከሆነ እነግርዎታለሁ» አለች ሶልያና። «ውሸት ከሆነ ሁለታችሁንም ነው የማስወጣው። የርስዎ መሆኑን በምን ልመን?»

ማሳመኛው አንድ ብቻ ነበር።

«አራት ሌሊት ፈጀብኝ» አልኩ። «የአልጋ ብረት እየመታሁ ነው የሠራሁት። ስድስት፣ ከዚያ ስድስት። መጀመሪያ ‹ሰውማ በረደ› ነበር ያልኩት። አምስት ሆነብኝ፣ አንድ ጎደለ። ሊነጋ ሲል ‹ሰው ሁሉ› ስለው ሞላ። ‹ሰውማ› ቢሆን ዮናስን ብቻ ነበር የሚነካው። ‹ሰው ሁሉ› ሲሆን ግን እኛንም፣ አንቺንም ይነካል። ያኔ ለብቻዬ ሳቅኩ። በነጋታው ለአስረስ ተቀበል አልኩት፣ እሱም ተቀበለኝ። አዝማሪ ነው፣ የሰጡትን ይዘፍናል።»

ይህን ስናገር አስረስን አላየሁትም። ያለቀ ሥራውን፣ ሳቁን ሳይቀር፣ ፊቱ ቆሜ አንድ በአንድ እየወሰድኩበት ነበር።

ሶልያና እንዳመነችኝ አወቅኩ። ‹አንቺንም› ያልኩት ቃል ፊቷን አቅልቶታል።

«ጋሽ አስረስ» አለች። «እርስዎ ካረጋገጡ ይበቃኛል። ግጥሙ የሳቸው ነው?»

አስረስ ሳለ። ሳሉ ረዘመ። ቤዛ ውሃ ይዛ ተነሳች፣ በእጁ መለሳት። ከዚያ አየኝ። ምስጋና አልነበረም። መኪናው በር ላይ እጁ ተዘርግቶ ሳለ ያላየኝን አስተያየት አየኝ፤ ያን ጊዜ መሬት መሬት ነበር የሚያየው፣ ዓይኑ እኔ ላይ አርፎ እንዳያጋልጠኝ።

«አባቴ፣ ምሳ ደርሷል» አለች ሶልያና።

«መንበሩ ካሳዬ» አለ። ስሜን ከነአባቴ ነው የጠራው፣ ለመጻፍ እንዲመቻት። «የሱ ነው። እሱ ነው የሰጠኝ።»

ሶልያና ጻፈች። የእኔን ጉትቻ ተቀብላ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ካፖርቴን እንዳመጣ ፈቀደችልኝ። ወደ መተላለፊያው ለመድረስ በአስረስ በኩል ማለፍ ነበረብኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ መልሶ ነበር።

«ብድርህን ከፍለሃል፣ በረኛው» አለኝ። «አሁን ተላቀናል። ሁለተኛ እንዳታናግረኝ።»

ጉትቻውን ጆሮው ውስጥ ከተተና ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።